ሆዴን «የት ጋ?» ብላ የጠየቀችኝ

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር። ባለፈው ክረምት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ ተገለበጠ። ክንዴ ተላጠ እንጂ የከፋ አልደረሰብኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ማስታገሻ ዋጥኩ፤ ምንም። በሰው ጥቆማ አንድ የምክር አገልግሎት ጋ ሄድኩ። ወሬውን ከትንፋሽና ከሰውነት ልምምድ ጋር ያዋህዱታል።

እስካሁን 6 ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱ 50 ደቂቃ ነው፣ 500 ብር። መጀመሪያ ቀን አደጋውን እያሳቅኩ አወራኋት። አማካሪዋ ልጅ እግር ናት። «ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል፤ እጅዎ ግን ወንበሩን አንቆ ይዟል» አለችኝ። አየሁት። እውነትም አንቋል።

በሁለተኛው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስላት፣ «የት ጋ?» አለች። «ከእምብርት በላይ ነው በታች? ይሞቃል ይቀዘቅዛል?» ዕድሜ ልኬን የምለው ነገር ነው፤ ቦታውን የጠየቀኝ ግን የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። ከደረቴ ሥር፣ ቡጢ የሚያህል። እስከ 4 እየቆጠርኩ ተነፈስኩ፣ እስከ 6 እየቆጠርኩ አስወጣሁ። አወጣጡ ረዘም ሲል የልብ ምት ይረጋጋል አሉ። ቡጢው አልጠፋም። ላላ እንጂ።

ይህን የሚሰማንን ነገር ልብ የማለት ልምምድ ማይንድፉልነስ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው በ1979 እ.ኤ.አ. ሕመም ለማይለቃቸው ሰዎች እንደ ሥልጠና አድርጎ የጀመረው ነው። እናቴ «የህንድ ጸሎት እንዳይሆን!» ብላ ደንግጣ ነበር። ሥሩ ከቡድሃ እምነት መሆኑን ልጅቷ አልደበቀችም፤ እኛ የምንሠራው ግን ትንፋሽን ልብ ማለት ነው። ጠበሌንም አልከለከለችኝ። እናቴ ግማሽ በግማሽ ተረጋጋች።

አሁን ቅሬታዬ። ቀጠሮ አያከብሩም፤ አንድ ቀን 40 ደቂቃ ተጎልቼ ጠበቅኩ። ልቡ ለተሰቀለ ሰው ይሄ ምን ይባላል? ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው፣ ጎኑ ወፍጮ ቤት። «ትንፋሽዎን ያዳምጡ» ስትለኝ በርበሬ ይፈጫል። ሁለታችንም አስነጠሰን።

ትናንት የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ክላክስ ጮኸ። ትከሻዬ ወጣ። ነቃሁበት፣ እግሬን መሬት ላይ ተጭኜ አወረድኩት። 7ኛውን ቀጠሮ ለእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ አስይዣለሁ። እሑድ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው።