የአንድ ክልላዊ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የድጋፍ ማመልከቻ አገልግሎት ከምሥራቅ ጎጃም ሲታይ

በምሥራቅ ጎጃም የውኃ ምንጭ በማጎልበት ላይ የተሰማራው ማኅበራችን ለአንድ ክልላዊ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የድጋፍ ጥያቄ አቅርቦ ስለነበር፣ አገልግሎቱን ለሌሎች አገር በቀል ድርጅቶች መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትልቁ ጥንካሬው ሙሉ ፕሮፖዛል ከመጠየቁ በፊት አጭር የሐሳብ መግለጫ መቀበሉ ነው፤ ሥራው ከፋውንዴሽኑ ዓላማ ጋር የማይገጥም ድርጅት በከንቱ አይደክምም። የፕሮግራም ባለሙያዋ በጀታችንን መስመር በመስመር አንብበው፣ ከሲሚንቶና ከቧንቧ ግዢ ጋር የተቀላቀለውን የቢሮ ኪራይ ለይተን እንድናሳይ አሳሰቡን፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ ቢሮ ኪራይ ያለ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ ማሳሰቢያው ትክክለኛ ነው። «ቧንቧው ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ጥያቄያቸው ግን ከሁሉ የላቀ ነበር፤ የውኃ ኮሚቴው ከተጠቃሚዎች የሚሰበስበውን ወርኃዊ መዋጮ በቃለ ጉባኤ አስደግፈን ስናቀርብ ፕሮፖዛላችን ነፍስ ዘራ። ቅር ያሰኘኝ የውጭ ኦዲት ሪፖርት ከጀማሪ ማኅበራትም እኩል መጠየቁ ነው፤ የኦዲተር ክፍያ ለእነርሱ ከባድ ሸክም ነውና፣ ለአነስተኛ ድጋፍ የባንክ ሒሳብ መግለጫና በኃላፊዎች የተፈረመ የሒሳብ ሪፖርት ቢበቃ መልካም ነበር። ያም ሆኖ፣ የታደሰ የምዝገባ ምስክር ወረቀትና ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ያለው ድርጅት ሁሉ የሐሳብ መግለጫውን ቀደም ብሎ እንዲያስገባ እመክራለሁ።