ውሻችሁን ለማቆያ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ የሌለውን አንብቡ

ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወስዱት መንገዶች የውሻ ማቆያ ማስታወቂያ በዝቷል። ሰፊ ግቢ፣ ሣር ላይ የሚሯሯጡ ጀርመን ሼፐርዶች፣ «እንደ ቤቱ ይቆይላችኋል» የሚል ጽሁፍ፣ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥር። ለበዓል ክፍለ ሀገር የሚወርድም ሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ይህን ሲያይ እፎይ ይላል። ይህን የምንጽፈው ከእነዚህ ማቆያዎች በአንዱና ውሻቸውን እዚያ ባስቀመጡ ሰዎች መካከል በተነሳ ክርክር የተነሳ ነው። የማቆያውን ስም አንጠራም። ውሻው ሲገባ የሚፈረመው ተመሳሳይ የውል ወረቀት ሌሎችም ዘንድ ስላለ ስሙን ከማወቅ ይልቅ ወረቀቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ አራት ነጥብ አለው። ክፍያ ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ፣ የማይመለስ። ምግብ ከማቆያው። ውሻው መከተቡን ባለቤቱ ያረጋግጣል። አራተኛው ደግሞ «በውሻው ላይ ለሚደርስ ሕመም፣ ጉዳት፣ መጥፋት ወይም ሞት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል።

ሰው ሁሉ የሚናደደው በአራተኛው ነው። የባሰው ግን ወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር ነው። ውሻው ሲገባ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር አንድም መስመር የለም። ኪሎው አልተጻፈም፣ ጠባሳው አልተጻፈም፣ የክትባት ደብተሩ ቀን አልተገለበጠም። ስለዚህ ውሻው ከስቶ፣ አንክሶ ወይም ታሞ ሲወጣ መልሱ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ነው። አይደለም የሚለው ባለቤት ማስረጃ ሲጠየቅ ስልኩ ላይ ካለች የአምና ፎቶ በቀር የሚያሳየው የለውም።

«በሽታውን ከቤት ይዞት መጣ» ለሚለው ደግሞ ቀን መቁጠር ይረዳል። ፓርቮ የሚባለው የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ የውሻ ቫይረስ ከያዘው ውሻ ላይ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ እስከ 14 ቀን ይዘልቃል። በገባ በማግስቱ ማስመለስ የጀመረ ቡችላ በእርግጥም ይዞት ነው የመጣው፤ እዚህ ላይ ማቆያው ልክ ነው። በ18ኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የጀመረው ግን እዚያው ግቢ ነው የያዘው። በመሀል ያሉት ቀኖች ያከራክራሉ፤ እነሱን የሚለያቸው የመግቢያ ወረቀትና ሌሎች ውሾች መቼ እንደታመሙ የሚያሳይ መዝገብ ብቻ ነው። ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት የሚያስመስለው ደረቁ የማቆያ ሳልም ከ2 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል።

የፓርቮ ክፋቱ ግቢ ውስጥ መክረሙ ነው። ጥላና እርጥበት ባለበት ቦታ ወራት አልፎም ዓመት ይቆያል። ዲቶልና ፈሳሽ ሳሙና አይገድሉትም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ ይቆያል። ዓይነ ምድሩ አስቀድሞ ታጥቦ ካልወጣ ግን ቆሻሻው የበረኪናውን ኃይል ይበላዋል፤ ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ቆሻሻው ላይ ያፈሱበታል። ሣርና አፈር ደግሞ በበረኪና አይጸዳም። ማስታወቂያው ላይ ያማረው ያ ሣር፣ አንድ የታመመ ውሻ ካለፈበት ከሲሚንቶው የባሰ ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ፣ ማለትም የ16 ሳምንቱን ያልተከተበ ቡችላ ማንም ምንም ቢላችሁ ማቆያ አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብም ቀላል አይደለም። «ባለቤቱ ያረጋግጣል» ማለት ማቆያው አያይም ማለት ነው። የእናንተን ደብተር ሳይገልጥ ከተቀበለ የጎረቤቱንም ሳይገልጥ ተቀብሏል። ደብተር ሲታይ ማኅተም ብቻ አይበቃም፤ ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠችው ትንሽ ወረቀት፣ ከባች (የምርት ምድብ) ቁጥሯና ከማብቂያ ቀኗ ጋር፣ ከቀኑ ጎን ተለጥፋ መገኘት አለባት። የእብድ ውሻ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። «ችግር የለም፣ እዚሁ እንከትብላችኋለን» የሚሏችሁ ከሆነ ክትባቱ የት ተቀምጦ እንደቆየ ጠይቁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ጀነሬተር የሚሠራ ፍሪጅ ዋስትና አይሆንም። በመግቢያው ቀን የተወጋ ውሻም በዚያው ቀን አልተጠበቀም፤ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪሠራ ቀናት አልፎም ሳምንታት ይፈልጋል።

ግቢውን ለማየት የቀጠሯችሁ ሰዓት ላይ አትሂዱ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ወይም ዘግየት ብላችሁ ድረሱ። የሚያድሩበትን አሳዩን በሉ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ቀን ይጋግራል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ የሱሉልታን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወለሉ ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ ከሌለ ውሻው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያድረው። ውሃ ቁጠሩ፤ ውሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። 30 ኪሎ ሼፐርድ እስከ 1.8 ሊትር ነው። 20 እንዲህ ያሉ ውሾች ለመጠጥ ብቻ 36 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ወለል የሚታጠብበት ሲጨመር ብዙ እጥፍ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ይዞ 20 ውሻ የሚያስተናግድ ሰው የሚቀንሰው ከምን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ከወለሉ ነው።

በሩ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ውሻ የሚያመልጠው አጥር ዘሎ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ደንበኛ ሲገባ በእግሩ ሥር ነው። በከተማው ዳር ደግሞ አጥሩን ያለፈ ውሻን ጅብና የሰፈር ውሻ ይጠብቁታል። ሌሊት ማን ያድራል? መኪና አለው? ይህ ለትልልቅና ደረተ ጥልቅ ውሾች የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው። ብዙ በልቶ ወዲያው የሮጠ ሼፐርድ ሆዱ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ሊያስመልስ ይታገላል፣ አይወጣለትም። ሰዓታት ብቻ ነው ያለው። የሌሊት ዘበኛ ብቻ ያለበት ግቢ እስኪነጋ ይጠብቃል።

«ከቤት እንወስዳለን፣ እንመልሳለን» የሚለው አገልግሎትም በማን መኪና እንደሆነ እዩ። አምስት የማይተዋወቁ ውሾች ከኋላ የታጨቁበት ዳማስ መንገድ ላይ ሲናከሱ ሹፌሩ ብቻውን ነው።

ስለ ምግቡ። ርካሽ ማቆያ የሚያበላው ከልኳንዳ የተረፈ ሳምባ፣ ጨጓራና ጉበት፣ ከሆቴል የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው። ወጡ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ገደማ ሽንኩርት ለመመረዝ ይበቃል፤ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚበላ ለእናንተ አይነገርም። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ያን ጊዜ ማንም ከወጡ ጋር አያያይዘውም። ጥሬ ሳምባና ጉበት ደግሞ ለእናንተም ይተርፋል። እርድ ቤት ብዙ ጊዜ የሚታየው ውሃ የቋጠረው ከረጢት የጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻ ከበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከወር ተኩል በኋላ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ውሻውን የሚያቅፍ ልጅ ጉበትና ሳምባ ውስጥ ያው ከረጢት ይሆናል። ለ40 ደቂቃ የፈላ ከሆነ ችግር የለም። ካልሆነ ሐኪም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ይስጠው። ከሁሉም የሚሻለው ግን የራሳችሁን ምግብ በቀን መጠን በየፌስታሉ ከፋፍሎ መላክ ነው፤ ሲመለስ የተረፈውን ፌስታል ቆጥራችሁ ምን እንደበላ ታውቃላችሁ።

ሴት ውሻ ያላችሁ ይህን አትዝለሉ። ዘሯ የታወቀ ሴት ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ላይ ከሆነች ማቆያ አትስጡ። ወቅቱ 2 ወይም 3 ሳምንት ነው። ቡችላ በሚሸጥበት ከተማ ወንድና ሴት አንድ ግቢ ማሳደር ሁልጊዜ ስህተት ብቻ ላይሆን ይችላል። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው፤ በአልትራሳውንድ ከ25ኛው ቀን በኋላ ይታያል። ጥርጣሬ ካላችሁ ቀን ሳትቆጥሩ ሐኪም አማክሩ።

አሁን ውሻውን ስትረከቡ። ማታ ተረክባችሁ ጠዋት ካያችሁት አልተረከባችሁም፤ እዚያው በሩ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ እዩት። መጀመሪያ መዳፉን ገልብጡት። የተላጠና የቀላ መዳፍ ቀኑን ሙሉ ሸካራ ሲሚንቶ ላይ የተመላለሰ ውሻ ነው። ክርኑ ላይ ጸጉሩ ረግፎ ከጠነከረ ያለ መኝታ አድሯል። የሆዱ ሥር ጸጉር ቢጫ ሆኖ ሽንት ሽንት ከሸተተ የራሱ ሽንት ላይ ተኝቷል። በአንገቱ ዙሪያ ጸጉሩ በክብ ከተቆረጠ ወይም ቆዳው ከቀላ «ሜዳ ላይ ይሮጣል» የተባለው ውሻ ታስሮ ነው የከረመው። ከጆሮው ሥርና ከጣቶቹ መሀል መዥገር ፈልጉ። ከዚያ መላ ገላውን በጣት ዳብሱ፤ የሌላ ውሻ ጥርስ ከላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተውና ከሥሩ ሥጋውን ያደቅቀዋል፣ ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ መግል ይዞ ያብጣል። ከኪሎው ከአሥር አንድ እጅ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የነከሰው ከውጭ የገባ ያልታወቀ ውሻ ከሆነ ቁስሉን አጥቡ፣ በፊት የተከተበ ቢሆንም ወዲያውኑ የእብድ ውሻ ክትባቱ ይደገምለት፣ ለ45 ቀን በክትትል ይቆይ። ሰው ከተነከሰ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰው ውሻ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። ይህ ውል አደራ ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ከሚለው በተጨማሪ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል የሚደነግግ ክፍል አለው፤ ጠበቃ አራተኛውን ነጥብ የሚመዝነው ከዚያ አንጻር ነው። ውሻችሁ እዚያ ሳለ ሰው ቢነክስ ደግሞ ቁጥር 2071 እና 2072ን አስነብቡ፤ የመጀመሪያው ስለ ባለቤቱ፣ ሁለተኛው እንስሳውን ስለተረከበው ሰው ኃላፊነት ነው። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታና አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው ድንጋጌ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውስጥ አሉ። የቴሌብር መልዕክት ገንዘቡ መድረሱን እንጂ ለምን እንደተከፈለ አይናገርም፤ ደረሰኝ ላይ «የውሻ ማቆያ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ይጻፍ። የንግድ ፈቃዱን በቲን (የግብር ከፋይ) ቁጥሩ ኢትሬድ በተባለው የመንግሥት የንግድ ፈቃድ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ፣ የተፈቀደለት ሥራ ምን እንደሆነም አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚንከራተተው አቤቱታውን የት እንደሚያቀርብ ሳያውቅ ነው። አያት አዲስ አበባ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ንግድ ጽሕፈት ቤቱም ፍርድ ቤቱም የኦሮሚያ ነው፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታችሁን በዚያው አስጽፉ። አዲስ አበባ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ ሳምንት አታባክኑ።

ውሻው ከሞተ ሬሳውን አትቅበሩ፣ «እኛ ቀበርነው» የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ በበረዶ አቀዝቅዙት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፣ በረዶ የሆነ ሬሳ ለምርመራ ይበላሻል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ለፍትሕ ያህል፣ ማቆያዎችም የሚያማርሩት እውነት አላቸው። ተናካሽ መሆኑን ደብቆ የሚሰጥ አለ። የአምስት ቀን ከፍሎ፣ ውጭ ሀገር ሄዶ፣ ስልክ የሚያጠፋም አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ለሁለቱም ወገን ነው።

ወረቀቱን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ኪሎውን ቤት መዝኑት፤ ውሻውን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የብቻችሁን ቀንሱ። የአፍንጫውን ቆዳ በቅርብ ፎቶ አንሱ፤ መስመሮቹ እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው፣ ውሻ ተለዋወጠ ሲባል ያ ፎቶ ይመሰክራል። ጥርሱን፣ የጆሮውን ውስጥ፣ ጠባሳውን ጨምሩ። ከዚያ በአራተኛው ነጥብ ቦታ ይህን አስገቡ፦

«ድርጅቱ ውሻውን በ____ ኪሎ፣ በተያያዙት ፎቶዎች ላይ በሚታየው ሁኔታ፣ የክትባት ደብተሩን አይቶ ተረክቧል። ውሻው ከታመመ ወይም ከተጎዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ለባለቤቱ ይደውላል፤ ባለቤቱ ካልተገኘ ____ ክሊኒክ ይወስደዋል። በድርጅቱ ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ ድርጅቱ ይከፍላል። ባለቤቱ ከቀኑ ካሳለፈ ለእያንዳንዱ ቀን ____ ብር ይከፍላል።»

በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱ እናንተ ጋር ይቅር። ግማሹን ክፍያ ውሻውን ስታስገቡ፣ ግማሹን መዳፉን ገልብጣችሁ ካያችሁ በኋላ ስጡ።