የድመት መጸዳጃ የት ይሰወር? ባኞ ቤት፣ በረንዳ፣ ደረጃ ሥር ወይስ ባለቀዳዳ ኮመዲኖ

ለቡና የተጠራ ጎረቤት ሳሎን ሲገባ ዓይኑ የድመት ሳፋ ላይ እንዳያርፍ መፈለግ ያለ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ሳፋውን የሚሸጉጠው እሱ ራሱም በማያየው ቦታ ነው። ከዚያ መዛቅ ይረሳል፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ሳሎን ይደርሳል፤ ድመቷም ሳፋውን ትታ ከሶፋ ጀርባ ትጀምራለች። ስለዚህ እዚህ ዕቃውንም ቦታውንም የምንመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ከእንግዳ ዓይን መሰወሩና ለሚዝቀው ሰው እጅ ቅርብ መሆኑ።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ድመቷን ለኩ። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ ያለውን ርዝመት በ1.5 አባዙት። 45 ሳንቲ ሜትር የሆነች ድመት ወደ 68 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሳጥን ያስፈልጋታል። ጠባብ ሳጥን ውስጥ መዞር ስለማትችል ቂጧን ከጠርዙ ውጭ አድርጋ ትሸናለች፤ ባለቤቱ ግን «ተበላሸች» ይላል።

ዕቃው

ክብ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ጉድለቱ ጠርዙ ላይ ነው። ዝቅ ያለው ሲሆን በጫረች ቁጥር አሸዋው ወለል ላይ ይበተናል፤ ቂጧን ከፍ አድርጋ የምትሸና ከሆነች ደግሞ ግድግዳው ይረጥባል። ለግልገል ግን ዝቅ ያለው ይሻላል፤ መግቢያው ከ8 ሳንቲ ሜትር ካለፈ መውጣት ይከብዳታል።

ለአደገች ድመት ልብስ የሚቀመጥበት ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ከሳፋው በጣም ይሻላል። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። በአንዱ አጭር ጎን 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መግቢያ ይቆረጥለታል፤ ከታች 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። መስመሩን በማርከር አስምሩ፣ ማዕዘኖቹን በጋለ ሚስማር ብሱ፣ ከዚያ በብረት መጋዝ ምላጭ ቁረጡ። ማዕዘኑ ክብ ካልሆነ ፕላስቲኩ ከዚያው ይሰነጠቃል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ጣታችሁን ስታስኬዱበት የሚቧጥጥ ነገር መቅረት የለበትም። ክዳኑን አትግጠሙት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት የሽንቱ አሞኒያ እክዳኑ ሥር ይታፈናል፤ እኛ ሳይሸተን እሷን ያባርራታል።

ሦስተኛው አናጺ የሚሠራው ባለቀዳዳ ኮመዲኖ ነው። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው፤ ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ማንም የማይጠረጥረውም እሱ ብቻ ነው። በልኩ ካልታዘዘ ግን ገንዘቡ ይባክናል። ውስጡ 90 በ55 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 60 ይሁን። ቀዳዳው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በጠባቡ ጎን ላይ ይሁን፤ ከፊት ከሆነ ከሳሎን ይታያል። የፊቱ በር ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ሳጥኑ እየተጎተተ የሚወጣው በዚያ ነው። ጀርባውን ጨርሶ እንዳይዘጋው ንገሩት፤ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ አየር ይመላለሳል። እግሩም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ወለል በውሃ ሲታጠብ ቺፕውድ ከሥሩ ጠጥቶ ያብጣል። ኮምፔንሳቶ ከቺፕውድ የተሻለ ይችላል፤ ቢሆንም በሁለቱም ላይ የውስጡን ወለል የፕላስቲክ ምንጣፍ አልብሱት፣ ምንጣፉን በጎን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አጥፉት፣ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ድፈኑና 24 ሰዓት ይድረቅ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ ሽታው እስኪለቅ በሩን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ሳምንት አናፍሱት፤ ያለዚያ ድመቷ አትገባበትም።

ቦታው

ባኞ ቤት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ይታጠባል፣ እንግዳም ቢያየው ቦታው ስለሆነ አይገርመውም። የኮንዶሚኒየም ባኞ ቤት ግን ጠባብ ነው፤ የውሃ በርሜል ሲጨመርበት 68 ሳንቲ ሜትር ሳጥን አያስገባም። ሻወር ሲወሰድ የሚረጨው ውሃም ሳጥኑን ጭቃ ያደርገዋል። ሰፊ ከሆነ ሳጥኑን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ አስቀምጡ፤ በሩም 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ሆኖ የሚያቆመው ነገር ይኑረው። አንድ እንግዳ በሩን ዘግቶት ቢሄድ ድመቷ የምትሸናው ምንጣፍ ላይ ነው።

በረንዳ አየር ያገኛል፣ ግን የመጨረሻ ምርጫችን ነው። ባሕር ዳር ላይ ቀን ነፋሱ ከጣና ሐይቅ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ በረንዳችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ከሆነ ሽታውን መልሶ ሳሎን ያስገባዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ በጎን እየገባ አሸዋውን ያርሰዋል። ፎቅ ላይ ከሆነ ያለ ወንፊት ሽቦ ድመት መልቀቁም አደጋ አለው።

ደረጃ ሥር ፎቅ ቤት ላለው ሰው ከሁሉም ይሻላል። ጸጥ ያለ ነው፣ ከመተላለፊያ ውጭ ነው፣ መጋረጃ ይበቃዋል። መጋረጃው ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አምፖል አስገቡበት፤ ጨለማ ውስጥ ሲዛቅ እርጥቡ ይቀራል። የውሃ ፓምፑ እዚያው ከተተከለ ግን ተዉት፤ ሳጥኑ ውስጥ እያለች ፓምፑ አንዴ ድንገት ከተነሳ ዳግመኛ አትመለስም።

ባለአንድ ወይም ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ላይ እኛ የምንመርጠው ኮሪደር ላይ የሚቆም ጀርባ የለሽ ኮመዲኖ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ስለምታልፉበት መዛቅ አይረሳም። ኩሽና የምንመክርበት ቤት የለም፤ ድመትም ብትሆን ምግቧ አጠገብ መጸዳዳት አትወድም።

ውስጡ ምን ይሙላ

ዕቃውን ስትመርጡ ክብደቱን አስቡ። 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ሳጥን በ6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲሞላ 14 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህ የግንባታ አሸዋ ከሆነ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ይወጣል፣ ቆሽሾ በትከሻ ይወርዳል። አሸዋ ሽንት አይመጥም፤ ሽንቱ ወርዶ ሥሩ ይተኛል። ሰጋቱራ በጣም ቀላል ነው፣ ይመጥማልም፤ ግን ከመዳፏ ጋር ቤቱን ይዞራል፣ ክረምት ላይም ይሻግታል። ቀለም ከተቀባ ወይም ከተጣበቀ እንጨት የወጣ ሰጋቱራ አትቀበሉ። ሦስት እጅ ሰጋቱራና አንድ እጅ በፀሐይ የደረቀ፣ የተነፋ አሸዋ ብትቀላቅሉ ለኮንዶሚኒየም ይሄዳል። ከውጭ የሚመጣው ሲረጥብ የሚጓጉል አሸዋ ከተገኘ ለመዛቅ የሚደርስበት የለም። አመድ ግን በፍጹም አይሁን፤ ሲረጥብ መዳፏን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ወደ አፏ ይገባል።

በቀን ሁለት ጊዜ በቀዳዳ ጭልፋ ይዛቅ፣ በሳምንት አንዴ ሁሉም ይቀየር። ሳጥኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። በረኪና ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ዴቶል ዓይነቱ ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ዕጣን አጠገቡ ማጨስም ሽታውን አያጠፋም፣ እሷን ያርቃል እንጂ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሌላ ሰው ይዛቅ፤ በዓይነ ምድር የሚወጣው፣ ፅንስ የሚጎዳው የቶክሶፕላዝማ ተባይ የመበከል አቅም የሚያገኘው ከ1 እስከ 5 ቀን ሲቆይ ስለሆነ በየቀኑ መዛቅ ራሱ መከላከያ ነው። የተዛቀው በፌስታል ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ ሽንት ቤት ከተደፋ ቱቦ ይዘጋል፣ ጎመን መደብ ላይ ከተደፋ ተባዩን ወደ ማዕድ ያመጣል።

ወንድ ድመት ሳጥኑ ላይ እየተመላለሰ ቢያምጥና ሽንት ባይወጣው ችግሩ የቦታ አይደለም፤ ሽንቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

አዲሱ ዕቃ ሲመጣ አሮጌውን ወዲያው አታንሱ። ሁለቱም በየቦታቸው ይቀመጡ፣ ከአሮጌው አንድ ጭልፋ አሸዋ ወደ አዲሱ ጨምሩ። ኮመዲኖ ከሆነ በሩን ለጥቂት ቀናት ክፍት ተዉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዲሱን ብቻ ከተጠቀመች አሮጌው ይነሳ።