የ45 ቀን ቄብ ከፒያሳ ሱቅ፦ ለዶሮዋ አራት ኮከብ፣ ለሱቁ ሁለት

ሰሞኑን ብዙ ሰው "ዶሮ ላረባ አስቤያለሁ የቱን ልግዛ" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት የመኖና የዶሮ ሱቅ ሳሶና ኮኮክ የሚባሉ ዘሮች ቄቦች ገዝቼ እያረባሁ ነው፣ የሱቋን ስም አልጠራም ምክንያቱም ያየሁባት ችግር የሷ ብቻ አይደለም። በዛ ላይ ቢሾፍቱ የሚሰራ ዘመዴ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን የተሻሻለ የሆሮ ዘር ጥቂት አምጥቶልኝ ስለነበር ሶስቱም አንድ ግቢ ውስጥ አንድ አይነት መኖ እየበሉ አንድ አይነት ብርድ እየመታቸው ነው ያየኋቸው። ስለዚህ ይሄ ሪቪው የዘሮቹም የሱቁም ነው፣ ዋጋ ግን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሌላ ስለሚሆን ዝም ብሎ ሰው ማጣላት ነው።

መጀመሪያ ሱቁ። ደጃፉ ላይ ሽቦ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ውስጥ የፍሩሽካና የፋጉሎ ጆንያ፣ የተፈጨ በቆሎ፣ የጫጩት መኖ፣ የጣይ መኖ፣ ጥግ ላይ ቫይታሚንና መድሃኒት የሞላ መደርደሪያ አለ። ልጁ ተግባቢ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ዶሮ አያያዙም ደህና ነው፣ እግሯን አንጠልጥሎ ቁልቁል አያወዛውዛትም። ግን "ይሄ ዘሩ ምንድነው" ስትለው "ብራዘር ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ያኛው የሀበሻ ነው፣ የሚሻልህ ቀዩ ነው" ይልሃል፣ አለቀ። የየትኛው ማስፈልፈያ ናት? "የቢሾፍቱ ነው።" ተከትባለች? "ሁሉም ተከትቧል።" መቼ? ምን? "ኧረ ብራዘር እኔ ልዋሽህ?" የክትባት ካርድ አለ ወይ ስለው "ካርድ ምን ያደርግልሃል ዶሮ ነው እኮ ትምህርት ቤት አይገባ" አለኝና አሳቀኝ፣ እየሳቅኩ ከፈልኩ። ሁለት ኮከብ የሰጠሁት በዚህ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች አብራራለሁ።

ወደ ዶሮዎቹ ስንመጣ ሳሶን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ቀይ፣ እግረ ወፍራም፣ ስትሮጥ እንኳ የምትንከባለል የምትመስለዋ። መነሻዋ ፈረንሳይ ነው፣ እዚህ አገር ለስጋም ለእንቁላልም ነው የምትሸጠው። ፀባይዋ ግሩም ነው፣ ሰው አትፈራም፣ ጎረቤት ልጆች ያቅፏታል። ግን ትበላለች! መኖ ተወዷል እያላችሁ ለምታማርሩ ሰዎች ሳሶ ማለት እቤት የተጨመረ አንድ ቤተሰብ ነው። የሚቀነስባት ነገር ደሞ ሻጩ ፈጽሞ የማይነግራችሁ ነገር ነው፦ ሳሶ ድቅል ናት። ሁለትና ከዛ በላይ የወላጅ መስመሮች ተዳቅለው ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ እቤት አውራ አስገብታችሁ ከእንቁላሏ ብታስፈለፍሉ ልጆቿ እናታቸውን አይመስሉም፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ጢንጥዬ፣ አንዷ ጥሩ ጣይ አንዷ ባዶ፣ ተበትኖ ይወጣል። "ዘር አወጣለሁ" ብሎ ሳሶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እየበተነ ነው። እንቁላል ብቻ የምትፈልጉ ደሞ ቦቫንስ ብራውን አለች፣ በደንብ ከተያዘች በአመት ከ300 በላይ ትጥላለች፣ ግን "በደንብ ከተያዘች" የምትለዋ ነገር ቀላል አይደለችም፣ የተመጣጠነ መኖ፣ መብራት፣ ክትባት፣ ንፁህ ቤት ትፈልጋለች፣ የኛ ግቢ አይነት ቦታ ላይ በእንጀራ ፍርፋሪ እሷን ማሰብ ግፍ ነው።

ኮኮክ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ናት፣ ደቡብ አፍሪካ ፖችፍስትሩም ውስጥ ብላክ አውስትራሎርፕንና ዋይት ሌግሆርንን አዳቅለው ያወጧት። ይቺ ድቅል ሆና ብትጀምርም እንደ ዘር የረጋች ስለሆነች ልጆቿ እሷን ይመስላሉ፣ ለኔ ትልቁ ነጥቧ ይሄ ነው። ፍርፋሪ ትለቅማለች፣ ትጭራለች፣ የጎረቤትን ጎመን ሳይቀር ትጎበኛለች፣ በዚህ ምክንያት ተወቅሻለሁ። ሌላ ደስ ያለኝ ነገር፣ አራዳ ሰፈር ላይ ሰማዩን የሚዞረውን ጭላት ታውቁታላችሁ አይደል፣ የኮኮክ ቄቦች ጥላው ሲያልፍ ቶሎ ብለው ቆርቆሮ ስር ይገባሉ፣ ሳሶዎቹ ቆመው ያዩታል፣ እንግዳ የመጣ ነው የሚመስላቸው።

ሆሮዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ስታዩዋቸው ምንም አይነት ግርማ የላቸውም፣ እናቴ ቤት የነበሩት ዶሮዎች ናቸው፣ ቀይ አለ ገብስማ አለ ጥቁር አለ። ሱቁ ብትወስዷቸው ልጁ "የሀበሻ" ብሎ በግማሽ ዋጋ ነው የሚያወርዳቸው። ግን እነዚህ ዶሮዎች ከወለጋ ሆሮ አካባቢ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደብረ ዘይት ላይ ትውልድ በትውልድ ሲመረጡ የቆዩ ናቸው፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ኢልሪ እና የሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ አብረው የሰሩት ስራ ነው፣ መመረጫው ደሞ ግልፅ ነው፣ ብዙ የምትጥል፣ ክብደት የምታወጣ፣ በቃ። የተራ አገር ቤት ዶሮ በአመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ከዛ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፣ እንደገና እስክትጀምር ወራት። የኔዎቹ ሆሮዎች ከዛ በብዙ ይበልጣሉ፣ ሳሶን አይደርሱም፣ ግን የሚበሉትን ስታዩ ሂሳቡ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ ያ ማታ ማታ አጥንት የሚሰብር ብርድ ሲመጣ ሁለት ሳሶ ተኮራምተው መኖ አቆሙብኝ፣ ሆሮዎቹ ጭራሽ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠዋት ጭቃ ሲጭሩ ነበር።

ይሄ ዝም ብሎ "የኛ ነገር ይበልጣል" አይነት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ከ25 የኢትዮጵያ የዶሮ ማህበረሰቦች የተወሰዱ 245 ዶሮዎችን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤያቸው ላይ ያለውን ሙሉ የዘር መረጃ፣ አንብቦ ከሚኖሩበት ቦታ ከፍታ፣ ሙቀት፣ ዝናብ ጋር አስተያይቷል፣ እና የየአካባቢው ዶሮ ላይ ቦታው የራሱን ምልክት ጂኖሙ ላይ ትቶ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ኦክስጅኑም እንደ ቆላው አይደለም፣ ቶሎ እንዲያድግ የተመረጠ የስጋ ዶሮ ከፍታ ላይ ልቡ አልችል ብሎ ሆዱ ውሃ እየቋጠረ እንደሚሞት አርቢዎች በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ "ዘሩ ከየት ነው" የሚለው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም።

ጂኖም ስል አትሽሹ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የዶሮ ጂኖም መጀመሪያ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ከእርሻ እንስሳት ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፣ የሰውን አንድ ሶስተኛ ያህላል፣ አንድ ቢሊዮን ገደማ ፊደል። ጥቅሙ ምንድነው ብትሉ አውራ ዶሮን አስቡት። አውራ እንቁላል አይጥልም፣ ታዲያ ለሴት ልጆቹ ጥሩ የእንቁላል ዘር እንደሚሰጥ በምን ታውቃለህ? ድሮ ልጆቹ ተወልደው አድገው እስኪጥሉ ትጠብቃለህ። አሁን ጠብታ ደም ወስደህ ዲኤንኤውን አይተህ መገመት ትችላለህ። በሽታም እንደዛው ነው፣ ዶሮ እስክትሞት ሳትጠብቅ የቷ ትቋቋማለች የሚለውን ማየት። ከአመታት በፊት እዚሁ አገር የሆሮንና የምስራቅ ሐረርጌ ጃርሶን ዶሮዎች ጎን ለጎን ያጠኑ ነበር፣ የኛዎቹ ከሊቨርፑል፣ ከኖቲንግሃምና ኤድንብራ ካለው ሮዝሊን ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው፣ ጉምቦሮ፣ ማሬክስ፣ ሳልሞኔላ፣ ኮክሲዲያ ምናምን የሚባሉ የዶሮ በሽታዎች ላይ። የወጣው ነገር ለኔ በጣም ነው የገረመኝ፣ የሁለቱ አካባቢ ዶሮዎች በዘር በጣም የተለያዩ ናቸው፣ በሽታ ከመቋቋም ጋር የተያያዙት የጂኖም ቦታዎችም በአብዛኛው አይገጥሙም፣ ማለትም ጃርሶ ላይ የሰራው ሆሮ ላይ ላይሰራ ይችላል። ደሞ ደስ የሚለው፣ ጤናና ምርት እርስ በርስ የሚጣሉ ሆነው አልተገኙም፣ ሁለቱንም አብሮ መምረጥ ይቻላል።

ሌላው በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከጋናና ከታንዛኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተሰራው ነው፣ እዛ ያሉ የአገር ቤት ጫጩቶችን የፈንግል ቫይረስ እያስያዙ የትኛዋ ቫይረሱን ቶሎ እንደምታጠፋ፣ ሙቀትስ እንዴት እንደምትችል ከጂኖማቸው ጋር እያያዙ አዩ። ፈንግል የገባበት ቤት ያለ ሰው ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያስፈልገውም፣ አርብ ማታ ሙሉ የነበረ ቤት ሰኞ ባዶ ነው። አንድ አገር ብቻውን አይወጣውም፣ አንዱ ዶሮው አለው፣ አንዱ ማሽኑ፣ አንዱ ስሌቱ። በኢልሪ የተመራው ሌላው የአፍሪካ የዶሮ ፕሮጀክት ደሞ ኢትዮጵያ፣ ታንዛኒያና ናይጄሪያ ላይ ዘሮቹን ሰጥቶ ገበሬው ራሱ እንዲፈትናቸው ነው ያደረገው፣ እኛ ጋ ሳሶ፣ ኮኮክ፣ ኩሮይለር፣ የተሻሻለው ሆሮ ነበሩ። ቄቦቹን ወደ 6 ሳምንት አሳድገው ከትበው ነው ለገበሬ የሚሰጡት፣ ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት እኛ ሱቅ ሄደን "የ45 ቀን" ብለን ከምንገዛው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ጎረቤቴ እማማ ግን ይሄን ሁሉ ስነግራቸው "ልጄ ዶሮ እኮ በአናቱ ነው የሚታወቅ" አሉኝ፣ እሳቸው ለበዓል አውራ ሲገዙ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ስጋ ድርብ ካልሆነ አይነኩም፣ ገበያውም ለድርቡ ጨምሮ ይከፍላል። ሳይንቲስቶች ሮዝ ኮምብ የሚባለውን ድርቡን አይነት እ.ኤ.አ. በ2012 ዘረ መሉን አግኝተውት ነበር፣ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰው አውራ የዘር ፈሳሹ ለምን ደካማ እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው የተረዱት። ለእማማ ስነግራቸው "ለወጥ ምን ያደርግልኛል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለወጥ ምንም አያደርግም፣ ለማራቢያ የምትገዙ ግን አስቡበት።

አሁን ወደ ካርዱ። የ45 ቀን ቄብ የምንገዛው፣ ከቀን ጫጩት ይልቅ ጨምረን የምንከፍለው፣ ያን ክፉ ጊዜ አልፋለች ብለን ነው። ማሬክስ በመጀመሪያው ቀን ማስፈልፈያው ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ካመለጠ እናንተ ጋ መጥታ ማካካስ አይቻልም። ፈንግል በመጀመሪያው ሳምንት በአይን ጠብታ፣ ከዛ ጉምቦሮ በመጠጥ ውሃ፣ ከዛ ላሶታ የሚባለው የፈንግል ማጠናከሪያ እየተባለ ይቀጥላል። የመጠጥ ውሃው ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክትባቱ ሞቶ ነው የሚጠጣው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልቆየም ያው። እና ሱቁ "ሁሉም ተከትቧል" ሲለኝ የገዛሁት አንዱ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ እድሜ እንኳን አልነበሩም፣ የክንፍ ላባቸውን ዘርግታችሁ ብታዩ ይለያሉ፣ ከሁለት ቦታ የመጡ ተቀላቅለው ነበር። ከመጡ በኋላ አንዷ ሳሶ አንድ እግሯ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ተዘርግቶ መቆም አቃታት፣ የማሬክስ ቁልጭ ያለ መልክ ነው። ደውዬ ስነግረው "ብርድ መቷት ነው ቫይታሚን ስጣት" አለ። ቫይታሚኑንም ያው እሱ ነው የሚሸጠው። ሌላዋ ደም የቀላቀለ ኩስ ጀመራት፣ ኮክሲዲያ መሆኑን አውቄ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድሃኒት ሰጠኋት፣ ሰጋቱራውን በሙሉ ቀየርኩ፣ ዳነች። እግሯ የተዘረጋው አልዳነችም።

ይሄን ሁሉ ምርምር፣ ከደብረ ዘይት እስከ ኤድንብራ የሚደረገውን፣ መጨረሻ ላይ የአንድ ቁራጭ ወረቀት አለመኖር ነው የሚያበላሸው፣ የዘሯ ስም፣ የተፈለፈለችበት ቀን፣ የተከተበችው ነገር፣ ሶስት መስመር። ቢሾፍቱ ላይ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን እዚሁ አገር እያመረተ ሱቅ ደጃፍ ላይ መረጃው ይሞታል።

ስለዚህ የኔ ደረጃ፦ ሳሶ ስጋ ለምትፈልጉ፣ ለበዓል ለምታደርሱ፣ መኖ የመግዛት አቅም ላላችሁ አራት። ኮኮክ አራት ተኩል፣ ለኛ አይነት ግቢ፣ የኮሪደር ልማቱ ያልነካው ጭቃ ያለበት ግቢ፣ እሷን ነው የምመክረው። ሆሮ አራት፣ አንድ የቀነስኩት ለማግኘት ዘመድ ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። ሱቁ ሁለት፣ መኖው ትኩስ ነው፣ ልጁ ዶሮ አያያዝ ያውቃል፣ ሌላው ዜሮ። ከበዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ጭራሽ አትሂዱ፣ ያኔ ከየትም የመጣ ሁሉ አንድ ሳጥን ይገባል። ስትገዙም ሳጥኑን በሙሉ ደረታቸውን ዳስሱ፣ አይን የሚጨፍን፣ ክንፉን የጣለ፣ ቂጡ በኩስ የተለጠፈ አንድ እንኳን ካያችሁ ከዛ ሳጥን አትግዙ፣ ቤት ስትደርሱም አዲሶቹን ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩአቸው። ካርድ የሚሰጥ ሱቅ መሀል ከተማ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ ለመስከረም የኮኮክ ቄብ እፈልጋለሁ፣ አውራ ግን አልፈልግም፣ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ በለሊት ጩኸቱ ምክንያት ሰላምታ ነስተውኛል።