የደሴ የእሑድ ማለዳ ሩጫ፦ ዳገቱ፣ አስተባባሪዎቹና ቁልቁለቱ

ደሴ ውስጥ እሑድ ማለዳ ወጣቶች አስተባብረው የሚያካሂዱት ሩጫ የራሱ ስም እንኳ የለውም፤ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ የደረት ቁጥርም ሆነ ሜዳሊያ አይታወቅበትም። ኮምቦልቻ ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር ከተሳተፍኩበት በኋላ ግን፣ በከተማዋ ለጤናው ብሎ መሮጥ ለሚፈልግ ሰው ይህን ሩጫ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። አንድ ብርቱ ጉድለት አለበት፤ እርሱንም በቦታው አነሳዋለሁ።

መነሻው ፒያሳ ነው። ሰው መሰብሰብ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ከሱብሒ ሶላት በቀጥታ የመጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው የመጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጡረታ የወጡ አባቶች አንድ ላይ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውን የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሚያውቅ ሰው እዚህም ሙዚቃና ካናቴራ ቢጠብቅ አያገኝም። በምትኩ አስተባባሪው የዕለቱን መንገድ በቃል ያስረዳል፣ አዲስ የመጣውን ሰው ስሙንና አቅሙን ይጠይቃል፣ ብቻውን የመጣውንም ከአንድ ነባር ሯጭ ጋር ያጣምራል። ሁሉም ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሮጥበት ምክንያት ዳገቱ ላይ ሲደረስ ግልጽ ይሆናል።

ደሴ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል ረዝማ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ፣ ከዋናው አስፋልት የወጣ ሰው ብዙም ሳይርቅ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ይገጥመዋል። ከተማዋ ያለችበት ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ ጓደኛዬ ደሴ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የሩጫው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከጥንድህ ጋር እያወራህ ሩጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መጨረስ ካቃተህ ፍጥነትህን ቀንስ። ጓደኛዬ ከፒያሳ ጀምሮ ስለ ወንድሙ ሠርግ ሲያወጋኝ ነበር። አይጠየፍ አዳራሽ ወዳለበት ኮረብታ በሚያወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ፣ ልክ ሽማግሌዎቹ ከልጅቷ ቤት መድረሳቸውን ሲነግረኝ፣ ድምፁ ተቆራረጠና ቆመ። እኔም ቀስ ስል ከኋላችን የነበሩ አንድ አባት ደረሱብንና፣ «አብሽር ልጄ! እርምጃህን አሳጥረው፣ የዳገቱን ጫፍ ደግሞ አትየው፣ እፊትህ ያለውን መሬት እይ» አሉት። እንደተባለው አደረገ፤ እግሩን ከመዘርጋት ይልቅ ቶሎ ቶሎ እያነሳ፣ ደረቱን ጥቂት ወደ ፊት ሰጥቶ፣ ሳይቆም ወጣው። ወሬው ግን እላይ እስክንደርስ አልተቀጠለም። እንዲህ ያለውን ምክር በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው አጠገብ ማግኘት ከማንኛውም የሥልጠና መርሐ ግብር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጫፍ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ከሁሉም ኋላ የሚሮጥ አንድ አስተባባሪ ስላለ የሚጠፋም የሚረሳም የለም፤ ይህ ሥርዓት ገንዘብ በሚከፈልባቸው ውድድሮች ላይ እንኳ ሁልጊዜ የማይገኝ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያለበትን ኮረብታ ለወትሮው በባጃጅ የሚያልፈው የከተማው ሰው፣ በእግሩ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ሲመለከት ደስታው ሌላ ነው። ጉሙ ገና ካልተነሣ ግን ብዙም አይታይም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መውረጃው ቁልቁል የወረደ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ በባጃጅ ጎማ ብዛት ለስልሰው፣ በማለዳ ጤዛ ያብለጨልጫሉ፤ ጥላ በሚበዛበት በኩል በየመጋጠሚያቸው የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል። ጓደኛዬ ተረከዙ ከድቶት ክንዴን ባይዝ ኖሮ ወድቆ ነበር። ቁልቁለት በደረቅ መሬት ላይም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚገታ፣ ሕመሙ የሚብሰው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ አስተባባሪዎቹን ስጠይቅ፣ መንገዱ በዚህ አቅጣጫ የተመረጠው በዋናው አስፋልት ላይ የሚሮጠው ክፍል መኪና ሳይበዛ እንዲያልቅ መሆኑን አስረዱኝ። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ አስፋልቱ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ስለሆነ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ማልዶ ነው። እነርሱም ሯጩን በግራ ጠርዝ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ፣ በአንድ መስመር እንዲሮጥ ያደርጋሉ። ሆኖም መነሻውን ሃያ ደቂቃ አስቀድሞ መንገዱን በተቃራኒው ማዞር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኮብልስቶኑ መውጫ ይሆናል፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ ደግሞ ለሚወጣ ሰው ያን ያህል አያሰጋም።

ውኃ የሚቀርበው ከጀሪካን እየተቀዳ በጥቂት የጋራ ኩባያዎች ነው። ደግነቱ ባይካድም ለጤና አይመከርም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሀይላንድ ይዞ ቢመጣ ይሻላል። ማብቂያው ሆጤ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየቡድኑ ሻይና ትኩስ ፉል አለ፤ ሒሳቡን ሁሉም በየድርሻው ያዋጣል። ጓደኛዬ የወንድሙን ሠርግ ወሬ የጨረሰልኝም እዚያ ነው።

ለጀማሪ፣ ዕድሜው ለገፋና ብቻውን መሮጥ ለሚከብደው ሰው ሩጫው ይስማማል፤ ሰዓቱን ማሻሻል ለሚፈልግ ግን በየጫፉ የሚደረገው ጥበቃ ሥራ ያስፈታዋል። ከቆላ የሚመጣ እንግዳ የመጀመሪያውን ዳገት በእርምጃ ቢወጣው አይፈረድበትም። እስከ መስከረም ድረስ ግን፣ መንገዱ ካልተለወጠ፣ እኔና ጓደኛዬ ከአይጠየፍ በመጣንበት ተመልሰን ቡድኑን ሆጤ ላይ ለመገናኘት ተስማምተናል፤ በክረምት ዝናብ የራሰውን ያንን ኮብልስቶን ለማንም አልመክርም።