ዋጋውን አፍታቶ ላሳየን ግንበኛ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ጎንደሮች፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ግንበኛ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው የጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ቤት ለማደስ ዋጋ እያስጠራችሁ "ይሄ ትክክለኛ ዋጋ ነው ወይስ እየተሸወድኩ ነው?" የምትሉ ካላችሁ የሚጠቅማችሁ ነገር አለው።

የእናቴ ቤት ጨጨላ ነው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ የድሮ ጭቃ ቤት። መሠረቱ ድንጋይ ነው፣ እንጨቱም አብዛኛው ደህና ነው። ቆርቆሮው ግን አልቋል። ሐምሌና ነሐሴን እናቴ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትገፋ ነው የምታሳልፈው። የውጭው ግድግዳም በዝናብ እየታጠበ ጭዱ ወጥቷል። ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጣራውን ለመቀየርና ውጭውን በሲሚንቶ ለማስለሰን ተስማማን። ብሩን በብዛት የሚልከው ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ነው። እሱ ለፍቶ የሚልከው ገንዘብ የት እንደገባ ማሳየት አለብኝ።

ዋጋ ጠየቅን። የመጣልን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ ገና ከውጭ በር ሆኖ ቤቱን አየት አደረገና በቁርጥ ጠራልን። ሌላው ከእሱ እጥፍ በላይ አለ። ሌላው ደግሞ በቴሌግራም የዕቃ ዝርዝር ላከ፤ የእጅ ዋጋ ይኑርበት አይኑርበት ግን አይታወቅም። ሰው ስናማክር ግማሹ "ርካሹን ያዙ፣ ሁሉም ያው ነው" ይላል። ግማሹ "ርካሽ ያስለቅሳል፣ ውዱን ያዙ" ይላል። ዋጋዎቹ ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ያውሩ አያውሩ ሳይታወቅ ርካሽና ውድ ማለት ራሱ ትርጉም አልነበረውም።

በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤታችን ይህን ሰው ጠቆሙን። መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ዋጋ ግን አልጠራም። መጀመሪያ መሰላል ጠየቀ። ጣራው ላይ ወጥቶ ከአናቱ እስከ ጠርዙ ሲባጎ ወጠረ። ግድግዳውን በየጎኑ ለካ። መስኮትና በሩን ለካ። ከደብተሩ ላይ ሁሉንም ጻፈና ሄደ። ሲመለስ በእጁ የተጻፈ ዝርዝር ይዞ መጣ።

እናቴ ወረቀቱን በዓይኗ ሄደችበትና ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈች። "ልጄ፣ ቤቴ እኮ 6 በ8 ነው፣ 48 ካሬ ነው። ይሄ 66 ከየት መጣ?"

"እማማ፣ ይምጡ ላሳይዎ" አለና ያንን ሲባጎ ግቢው መሬት ላይ ዘረጋው። 3 ሜትር ከ65። ከጎኑ የቤቱን ግማሽ ስፋት ለካ፤ 3 ሜትር። ጣራ ተዳፋት ነው፣ ደግሞም ግድግዳውን ዝናብ እንዳይመታው በየጎኑ 50 ሳንቲም ወጣ ይላል፤ ስለዚህ ከቤቱ ወለል ይበልጣል። በርዝመቱም በኩል በሁለቱ ጫፍ 50፣ 50 ሳንቲም ሲጨመር 8 የነበረው 9 ይሆናል። 3.65 በ9፣ ያንን በሁለት ጎን፣ ወደ 66 ካሬ። እናቴ ራሷ ሲባጎውን በክንዷ ለካችው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልነበራትም።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በር ላይ ቆሞ የጠራልን ሰው በወለሉ ስፋት አስቦ ከሆነ 18 ካሬ ይጎድለዋል። ጉድለቱ የሚታወቀው መቼ ነው? አሮጌው ጣራ ከወረደ በኋላ። ቤቱ ክፍት ሆኖ፣ ሰማዩ ጠቁሮ "ጨምሩ" ቢባል ማን እምቢ ይላል? ደግሞ 66 ካሬ ጣራ በ66 ካሬ ቆርቆሮ አይሸፈንም። ቆርቆሮ እርስ በርሱ ሲደራረብ የሚበላው አለ። ይህን ለብቻው ጽፎታል። አናቱ ላይ የሚገባውን ኮልሞ፣ አሸንዳውንና የቆርቆሮ ምስማሩን ከነጎማው ሳይቀር ለይቶ አስቀምጧል።

ቀጥሎ የቆርቆሮው ውፍረት። እሱ የጻፈው ባለ 32 ጌጅ ነው። ጌጅ ማለት ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ የሚሄድበት ነው። "የሌሎቹ ስንት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ" አለን። ጠየቅን። ርካሹ ባለ 35 ነው ያሰበው። ውዱ ደግሞ ባለ 28፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ እንጨት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ በደረሰኝ። ስለዚህ ውዱ ሰውዬ ሌባ አልነበረም። ሌላ ቤት ነው የሠራልን በሐሳቡ። የእኛ እንጨት ግን አብዛኛው ስለሚያገለግል ያን ሁሉ አያስፈልገንም። ይህን የነገረን ተፎካካሪው የሆነው የእኛ ግንበኛ ነው። የሌላውን ሰው ዋጋ ሳያጣጥል፣ ለምን ከፍ እንዳለ በትክክል አስረዳን። እኔ በዚህ ነው ልቤን የሰጠሁት።

የልስኑ ነገር ትንሽ ሒሳብ አለው፣ ግን ማንም ይችለዋል። የቤቱ ዙሪያ 28 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.80። ሲባዛ 78.4 ካሬ። አንድ በርና አራት መስኮት ሲቀነስ 70 ከግማሽ አካባቢ። አንዳንድ ለሳኝ መስኮቱን አይቀንስም። ግንበኛችንን ስጠይቀው "ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፣ የመስኮት ጠርዝ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዱ በዚያ ያካክሰዋል" አለኝ። እሱ ግን ቀንሶ፣ ጠርዙን በሜትር ለብቻ አስቦታል። የትኛውም ይሁን፣ ሁለት ዋጋ ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ መንገድ መለካታቸውን ጠይቁ። ያለዚያ "በካሬ ይሄን ያህል" የሚለው ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሲሚንቶውንም እንዲሁ አሰላልን። 70 ካሬ ግድግዳ በ2 ሳንቲም ውፍረት ሲለሰን 1.4 ሜትር ኩብ ድብልቅ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ አሸዋ ከሆነ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 11 አካባቢ ይበቃል። የጭቃ ግድግዳ ወጣ ገባ ስለሆነ ጉድጓድ መሙያ ጨምሮ 15 ጻፈ። በቴሌግራም የመጣው ዝርዝር ላይ ለዚሁ ልስን 25 ከረጢት ነበር! አሥሩ ከረጢት ወዴት ሊሄድ ነበር? እዚህ ላይ ማንንም አልከስም። ብቻ እንዲህ ያለ ልዩነት ስታዩ "ውፍረቱ ስንት ነው? ድብልቁ ስንት በስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለው ሰው ወዲያው ይመልስላችኋል።

በተቃራኒውም አለ። ዋጋ ለማሳነስ ሲሚንቶ የሚቀንስ አለ። ይህ ደግሞ ዓይን አያየውም፤ ልስኑ ከርሞ ሲፈረፈር ነው የሚታወቀው። የእኛ ሰው አሸዋውን በአካፋ ግምት አያስቆጥርም። 40 በ50 በ18 ሳንቲም የሆነ የጣውላ ሳጥን አለው። 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። አንድ ከረጢት፣ አራት ሳጥን አሸዋ። እናቴ ጠጠር እየደረደረች ስትቆጥርለት ዋለች፤ ደስ ነው ያለው።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ሲሚንቶ በቀጥታ ጭቃ ላይ ሲለሰን አይያያዝም፤ ቆይቶ እንደ ሰሌዳ ተነስቶ ይወድቃል። መጀመሪያ ልል የሆነው ጭቃ መፋቅ አለበት፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ተወጥሮ በምስማር መመታት አለበት። ከመጡልን ዋጋዎች ሁሉ ሽቦው የተጻፈበት የእሱ ላይ ብቻ ነው። በዚህ በኩል የእሱ ውድ መስሎ ነበር። ሽቦውን ሌሎቹ ላይ ስንጨምርበት ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ደግሞ ውኃ። ጎንደር ውስጥ የውኃን ነገር ለማንም አላስረዳም፣ ሁላችንም በፈረቃ ነው የምንጠብቀው። ልስን ውኃ ይፈልጋል፤ ማቡኪያው ብቻ አይደለም፣ ከተለሰነ በኋላም ሳምንት ያህል ጠዋት ማታ መርጠብ አለበት። ያለዚያ ፀሐዩ ይሰነጥቀዋል። ውኃው በማን ነው? በርሜሉን ማን ይሞላል? ማን ያጠጣል? የእሱ ወረቀት ላይ "ውኃ በባለቤት፣ ማጠጣት በእኔ ሠራተኛ" ይላል። አንድ መስመር ናት፣ ስንት ጭቅጭቅ እንዳስቀረች እኔ ነኝ የማውቀው።

ያልታየ ነገር ቢመጣስ? ጣራ ሲከፈት ምስጥ የበላው እንጨት መገኘቱ አይቀርም። እሱ አስቀድሞ "የተበላሸ ሞራሌ ከተገኘ በፍሬ ይህን ያህል፣ ባለቤት አይታ ከፈቀደች በኋላ" ብሎ ጽፏል። ሲከፈት ጥቂት ተገኘ። እናቴን ጠርቶ እንጨቱን በምስማር ወጋ ወጋ አድርጎ አሳያት፣ ቆጠሩ፣ ተስማሙ። ፎቶውን ለወንድሜ ላክሁለት። አሮጌው ቆርቆሮና እንጨትም የእኛ እንደሆነ ተጽፏል። ከቆርቆሮው ደህና ደህናው ተመርጦ ለጓዳ ጣራ ሆነ። በቁርጥ የጠራልን ሰው አሮጌውን ራሱ ሊወስደው እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው። ያም ገንዘብ ነው እኮ፣ ከዋጋው ጋር መታሰብ ነበረበት።

የአሸዋ ነገርም እንዳይረሳ። "አንድ ቢያጆ"፣ ማለትም አንድ መኪና ጭነት፣ ብሎ ዋጋ አይወዳደርም፤ የአንዱ መኪና ከሌላው ይለያል። እሱ መኪናው ሳይራገፍ የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለክቶ በሜትር ኩብ አስቦ ነው ያስከፈለን።

ክፍያው ላይ ቀብድ የጠየቀው ለመነሻ ያህል ነው። ዕቃውን እኔና እሱ አብረን አራዳ ሄደን ገዛን፤ ብሩ በእጄ ነው የወጣው። የእጅ ዋጋውን ጣራው ሲያልቅ፣ ልስኑ ሲያልቅ እያልን ከፈልን። የመጨረሻውን ክፍል "ዝናብ ይፈትሸውና ትሰጡኛላችሁ" ብሎ ራሱ ነው ያስቀረው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዶፍ ሲጥል ሳንደውልለት መጣ። ባትሪ እያበራ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አየ። ኮልሞው አጠገብ አንድ ምስማር ጎማው ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ወጥቶ ቀየረው። ከዚያ ነው ቀሪውን የተቀበለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቀለሙ ከሌላ ሰው የመጣውን ዋጋ ሲያይ "ይሄ ከእኔ ይሻላል፣ ሁለት እጅ እንዲቀባ አስጽፋችሁ ለእሱ ስጡት" አለን። ሥራ ለሌላ የሚሰጥ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እጁን ይባርክለት።

ለምን እንደምጠቁመው ገባችሁ መሰለኝ። ለማን እንደማይሆንም ልናገር። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ ሥራው ቀስ ያለ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤት አይዝም። ሴራሚክ አይሠራም፣ ሲጠየቅም "አልችልበትም" ነው የሚለው። መሰላል ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፤ ማታ ደውሉለት። ለጥምቀት እንዲደርስ ታኅሣሥ ላይ የሚመጣ ሥራም አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ነው የሚያሳድሰው።

ዋጋዎቹን እዚህ ያልጻፍኩት የዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ ነው፤ የእኛን የግንቦት ዋጋ ይዛችሁ በኅዳር ብትከራከሩበት ለማንም አይጠቅምም። የዝርዝሩን ፎቶ ግን፣ ዋጋው ተሸፍኖ፣ ለፈለገ እልካለሁ። እሱም ፈቅዷል። ሌላ ግንበኛ ጋር ብትሄዱም መጠየቂያ ይሆናችኋል። ስሙንና ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አሁን አዘዞ ሥራ ላይ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ልኬት ለመውሰድ ማራኪም ሆነ አራዳ ይመጣል፤ ልኬቱን ብቻ ወስዶ ዝርዝር ለመጻፍ የሚያስከፍለው መጠነኛ ነው፣ ሥራውን ለእሱ ከሰጣችሁት ደግሞ ከሒሳቡ ይቀንስላችኋል።