ፒያሳ ያለው የቀረፃ ስቱዲዮ ለመጀመሪያ የሃርድ ሮክ አልበም

ትልቁ ጥንካሬው የድራም ክፍሉ ነው። ከላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች ከስኔሩ (ስል ድምፅ ካለው ዋናው ከበሮ) እኩል መራቃቸውን ባለሙያው በሲባጎ ይለካል፤ እንዲህ መጠንቀቁ በጣም ደስ ይላል። ርቀቱ ከተዛነፈ ድምፆቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ስኔሩም ይሳሳል። ለስኔሩ ሹር ኤስኤም 57 የተባለው ማይክ አለ፣ ይበቃል።

ሪትም ጊታሩን (አጃቢውን ጊታር) ሁለቴ ተጫውታችሁ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጡ። አንዱ ቅጂ ብቻ ኮፒ ከተደረገ ድምፁ ስፋት አይኖረውም። ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ሻካራ ድምፅ) መድረክ ላይ ከምትጠቀሙት ቀነስ አድርጉት፤ ሲደራረብ ራሱ ይወፍራል።

የስቱዲዮው ግራውንዲንግ (የኤሌክትሪክ መስመሩ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት) ግን ደካማ ነው፤ እምም የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ ጊታሩ ውስጥ ይገባል። ዩፒኤሱም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራው መሣሪያ) የሚይዘው ኮምፒውተሩን ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ይጠፋል፣ የተጀመረው ቅጂም ይበላሻል። ጀነሬተር የለም። ጥሬ ፋይሎቹን በ24 ቢት የድምፅ ጥራት በራሳችሁ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ውጡ።